በወረቀት የተሞላ ጉድጓድ

1

ጉድጓዱ የለም አሉት።

ዳምጤ ወልደየስ በወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት አራተኛው መስኮት ፊት ቆሞ፣ ጫማው ላይ የዚያው ጉድጓድ ቀይ አፈር እንደተለጠፈ፣ ጉድጓዱ የለም አሉት። ከመስኮቱ ወዲያ ያለችው ባለሙያ ፋይሉን ወደሱ አዙራ በእስክሪብቶዋ ጫፍ አሳየችው። ተሞልቷል ይላል። ተደልድሏል ይላል። የተነሳው ለም አፈር ተመልሶበታል ይላል። ሣር ሳይቀር በቅሎበታል ሊል ምንም አልቀረውም።


2

እንግዲህ የሌለው ጉድጓድ ይህ ነው።

ስፋቱ፦ ዙሪያውን በእግር የዞረ ሰው መጨረሻው ላይ ቁጭ ብሎ ያርፋል።

ጥልቀቱ፦ አንድ ባሕር ዛፍ ቁመቱን ይዞ ቢገባበት ከላይ የሚታየው የጫፉ ቅጠል ብቻ ነው።

ቀለሙ፦ በበጋ የተፈጨ በርበሬ፤ በክረምት ጥሬ ጉበት።

የቆፈረው፦ አንድ የመንገድ ተቋራጭ፣ ለአስፋልቱ ሥር የሚደለደል ገረጋንቲ ሊያወጣ። ስሙን አልጽፈውም። እሱም የኛን ስም ጽፎ አያውቅም።

ዕድሜው፦ ተቋራጩ ከሄደ አራት ዓመት።

የበላው፦ ሁለት ጥማድ የጤፍ መሬት። አንድ ግራር። የዳምጤ አጥር። ባለፈው ነሐሴ ደግሞ ማድ ቤቱ። ማድ ቤቱ የሄደው ሰው ሁሉ ቅዳሴ በሄደበት ጠዋት ነው። የዳምጤ ሚስት አልጣሽ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ምድጃዋ የነበረበት ቦታ ሰማይ ሆኖ ጠበቃት።

ቀጥሎ የሚበላው፦ መኖሪያ ቤቱን። ከጠርዙ እስከ ጓዳው ግድግዳ አሥራ አራት እርምጃ ቀርቷል። ዳምጤ በየጠዋቱ ይረግጠዋል። በበጋ ቁጥሩ አይለወጥም። ክረምት ሲገባ ግን ያ መሬት ቆሞ የሚለካ አይደለም፣ ይሄዳል።


3

ሚያዝያ 21

ለወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ ገረጋንቲ የወጣበትን መሬቴን መልሼ እንድሞላ ፈቃድ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች የመሬቱ ባለ ደብተር ስሆን፣ ጉድጓዱ ቤቴን ሊወስድ ስለሆነ፣ ከላዩ የተገፈፈው ለም አፈርም እዚያው ዳር ተከምሮ አረም ስላበቀለ፣ የመንገድ ጥገናው ሎደርም እስከ ሰኔ አሥር ከሰፈራችን ስለማይነሳ፣ የጥገናው ኃላፊም የፈቃድ ወረቀት ካመጣህ በሁለት ቀን እሞላልሃለሁ ስላለኝ፣ ክረምቱም ስለማይጠብቀኝ፣ ፈቃዱ እንዲሰጠኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ይህን የጻፈው ራሱ ዳምጤ ነው። የወረዳው ፍርድ ቤት በር ላይ ዣንጥላ ዘርግተው የሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች ና እንጻፍልህ ቢሉት ዘወር ብሎም አላያቸው። ሦስት ቀን ፈጀበት። "በትሕትና" የምትለዋ ቃል ብቻዋን አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ወሰደችበት። ፊደሉ ጠፍቶት አይደለም።


4

አንባቢ እዚህ ላይ ይጠይቃል፤ መጠየቁም ደግ ነው። ሰው የገዛ መሬቱን ጉድጓድ ለመሙላት ፈቃድ ምን ያደርግለታል?

ዳምጤም እንዲያ ብሎ ነበር። የካቲት ላይ ደቦ ጠራ። ሃያ ሁለት ሰው አካፋና ሬሳ መሸከሚያ ቃሬዛ ሳይቀር ይዞ ወጣ፤ አፈር ለማጋዝ ቃሬዛ የመሰለ የለም። ፀሐይ አናት ሳትደርስ ሁለት ሚሊሻ መጣ። ገረጋንቲ የወጣበት ቦታ በመንግሥት የማዕድን መዝገብ ላይ ነው፣ ያለ ፈቃድ አፈር ያነሳም ሆነ የመለሰ እንደ ሕገ ወጥ ቆፋሪ ይቆጠራል አሉ። አካፋዎቹን ሰብስበው ወሰዱ። ቃሬዛውን ግን ፈርተው ተዉት።

ደቦ የመጣ ሰው ሳይሠራ ተበተነ። ጠላው ግን ተጠጣ። ዳምጤ ይህንንም አልረሳውም፤ እነማን ሁለት ሁለት ጊዜ እንዳስቀዱ ሳይቀር።


5

ፈቃድ ልታወጣ የሄድክ እንደሆነ እንዲህ አድርግ።

በመጀመሪያው ሚኒባስ ሂድ። ቀድመህ ከደረስክ በሩ ዝግ ነው። ዘግይተህ ከደረስክ ወረፋው ግቢውን ዞሯል። በሰዓቱ ከደረስክ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። አንደኛው መስኮት ወደ ሦስተኛው ይልክሃል። ሦስተኛው፣ አንተ የማዕድን ነህ ይልሃል። ማዕድን ቢሮ ከገበያው ጀርባ ፎቅ ላይ ነው፤ ውጣ። ማውጣት ከሆነ እኛ ነን፣ መመለስ ከሆነ አካባቢ ጥበቃ ነው ይሉሃል፤ ውረድ። አካባቢ ጥበቃ ያለው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ችግኝ ሊያስተክል ወጥቷል። ተቀመጥ። አትቀመጥ፣ ወረፋህ ይሄዳል። ፎቶ ኮፒ አስደርግ። መብራት የለም። ጠብቅ። መብራት መጣ፤ ወረቀት አልቋል። ነገ ና ሲሉህ የትኛው ነገ ብለህ ጠይቅ። አይነግሩህም፣ አንተ ግን ጠይቅ።

አትቆጣ።

አትቆጣ።

ሰባተኛው ቀን ላይ ትቆጣለህ። ጥበቃው በትከሻህ ይዞ ያስወጣሃል። ስምንተኛው ቀን ላይ ያው ጥበቃ እንዴት ነዎት አባቴ ብሎ ትከሻህን ይስምሃል።

ዳምጤ አራተኛው መስኮት ፊት የደረሰው በስምንተኛው ቀን ነው። ከላይ ቁጥር 1 ብዬ የጀመርኩት ያንን ቀን ነው። ግንቦት 26።


6

ባለሙያዋ ህሊና ትባላለች። ክፉ ልጅ አይደለችም። ዳምጤ ክፉ እንድትሆንለት ፈልጎ ነበር፤ ክፉ ሰው ለማስታወስ ይቀላል። ምሳ ሰዓቷን ትታ አስረዳችው። ፈቃድ የሚሰጠው ላልተመለሰ መሬት ነው። ይኼ ግን ርክክብ የተፈረመበት መሬት ነው። የተመለሰን መሬት ልመልስ ለሚል ሰው የሚሰጥ ፈቃድ የለም።

መጥተሽ እዪው አላት። በተዘጋ ፋይል መኪና አይወጣም አለችው።

ከዚያ ወረቀቱን ገልብጣ ከታች ያለውን ፊርማ አሳየችው። የማን ነው ብላ ጠየቀችው።


7

የሱ።


8

የዛሬ አራት ዓመት፣ ሰኔ መጀመሪያ። ተቋራጩ ካምፑን እያፈረሰ ነው። ፎርማኑ በፒካፕ መጣ፤ ሞተሩን አላጠፋም። ወረቀቱን ኮፈኑ ላይ ዘረጋ፣ እንዳይበርበት ጠጠር ጫነበት፣ ከኪሱ የአሻራ ቀለም አውጥቶ ከፈተ፣ ሳይጠይቅ የዳምጤን አውራ ጣት ያዘ።

ዳምጤ እጁን መነጨቀ። "እኔ በብዕር ነው የምፈርመው" አለ።

ፎርማኑ እስክሪብቶውን ሰጠው።

ያኔ ማንበብ ነበረበት። ዳምጤ ያነባል፤ ይህን ማንም እንዲጠራጠርብኝ አልፈልግም። በመሠረተ ትምህርት ዘመን ዳስ ሥር ፊደል ቆጥሯል፣ ከዚያም በማታ ትምህርት አራተኛ ክፍል ደርሷል። ነገር ግን ሲያነብ አመልካች ጣቱን ቃሉ ሥር ያደርጋል፤ ከንፈሩም አብሮ ይሄዳል፤ አንድ ገጽ ለመጨረስ የዛፍ ጥላ ቦታ ይለውጣል። ብቻውን ቢሆን ያነበው ነበር።

ብቻውን አልነበረም። ፎርማኑ ለእማኝነት የጠራው አዋሳኙ አንዳርጌ በየነ መኪናውን ተደግፎ፣ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ፣ እጁን እጁን ያየዋል።

ጣቱን መዘርጋት አቃተው።

ስለዚህ ወረቀቱን አነሳና አንድ ደህና አንባቢ የሚፈጅበትን ያህል አየው። መሐል ላይ አንዲት ነጥብ እንዳልጣመችው ሰው ቅንድቡን ሰበሰበ። መጨረሻ ላይ ራሱን ነቀነቀ። ፈረመ። ጭራው ረጅም፣ ሁለት ጊዜ የሚጠቀለል፣ ከሥሩ ሁለት ነጥብ ያለው ፊርማ ነው። አንዳርጌም ከሥር በእማኝነት ፈረመ።

አፈሩን ነገ ዶዘር መጥቶ ይመልሰዋል ተባለ። በነጋታው ዶዘሩ በትልቅ ተጎታች ላይ ተጭኖ በአስፋልቱ አለፈ። ዳምጤ መንገድ ዳር ቆሞ በሁለት እጁ አውለበለበለት። ሹፌሩ የስንብት መስሎት ጡሩምባ ነፋለት።


9

አንዳርጌ ቢያየውስ ምን ይሆናል የምትል ከሆነ፣ እድራችን ውስጥ የለህበትም ማለት ነው።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት እድሩ ጸሐፊ ሊመርጥ ተሰበሰበ። የእድር ጸሐፊ ዋናው ሥራው ቀብር ላይ ስም መጥራት ነው፤ ያልተገኘ ይቀጣል። አንድ ሰው ዳምጤን ጠቆመ። ዳምጤ እንዳልሰማ መስሎ መሬት መሬት አየ፤ ጆሮው ግን ቀላ። ሰው እጁን ሊያወጣ ሲል አንዳርጌ ተነሳ።

"ዳምጤን ጠልቼው አይደለም" አለ። "ግን እሱ ስም ጠርቶ እስኪጨርስ ሌላ ሰው ይሞትብናል።"

ሰማንያ ሁለት አባወራ ሳቀ። ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ሴቶችም ሳቁ። የእድሩ ዳኛ ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞክሮ እንባው መጣ። የተመረጠው አንዳርጌ ራሱ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ በየቀብሩ መዝገቡን ገልጦ "ዳምጤ ወልደየስ" ብሎ የሚጠራው አንዳርጌ ነው። ዳምጤም መመለስ ግዴታው ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለዚህ ሰው የተናገረው አንድ ቃል ብቻ ነው።

አለሁ።


10

ህሊና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አንድ መንገድ አለ አለችው።

ፈራሚው ማንበብ የማይችል ከሆነ፣ ወረቀቱም ያልተነበበለት ከሆነ፣ ርክክቡ ይፈርሳል። ርክክቡ ከፈረሰ መሬቱ ያልተመለሰ ይሆናል። ያልተመለሰ ከሆነ ፈቃዱን በዚያው ቀን ራሷ ፈርማ ታሰጠዋለች፤ ሎደሩ ሳይነሳ ይደርሳል። የሚያስፈልገው የቀበሌው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ሰው ሰብስቦ፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን እማኝ አስምሎ፣ ይህ ሰው አያነብም ብሎ መጻፉ ነው። እማኙ አንድ ብቻ ነው። ስሙን አነበበችለት፤ ማንበብ አያስፈልጋትም ነበር።

"ማንበብ አይችሉም አይደል፣ አባቴ?"

ዳምጤ ፋይሉን አየ። ከላይ የተቀመጠው ማመልከቻው ነው፣ በገዛ እጁ የተጻፈው። እሷም አየችው። ቀስ ብላ አነሳችና መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው።

"ይኼን ሌላ ሰው ነው የጻፈልዎት" አለች። ጥያቄ አልነበረም።


11

(እዚህ ዳምጤ ከወረዳው ግቢ ሲወጣ ያሰበውን ልጽፍ ነበር። የሚጻፍ አይደለም።)


12

አልጣሽ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰማችው። ማድ ቤቱ ከሄደ ወዲህ የምታበስለው እዚያው መኖሪያው ውስጥ ስለሆነ ጭሱ ዓይኗን አቅልቶታል፤ እያለቀሰች ይሁን እያበሰለች አይለይም። እሱ ሰው ፊት ቆሞ ደንቆሮ ነኝ ከሚል ቤቱ ቢፈርስ ይሻላል አለ። አባቱ ሞፈር ሸጦ ደብተር እንደገዛለት፣ ምስክር ወረቀቱ እስካሁን ሣጥን ውስጥ እንዳለ፣ አንዳርጌ የሚባለው ሰው ሲሞት እንኳ ቀብሩ ላይ አለሁ እንደማይል፣ ብዙ ብዙ ተናገረ።

እስኪጨርስ ጠበቀችው።

"አለማንበብህ ቤት የሚያድን ከሆነ፣ እኔ ካገባሁህ ጀምሮ አንብበህ አታውቅም" አለችው። "ሂድና ለምነው።"


13

ሁለት ጊዜ ከአንዳርጌ አጥር ደርሶ ተመለሰ። አንዴ ውሻው ጮኸብኝ ብሎ። አንዴ ውሻው አልጮኸም ብሎ።

በሦስተኛው ገባ። አንዳርጌ ግቢው ውስጥ ሞፈር እየጠረበ ነው። ሲያየው መጥረቡን አቆመ። በርጩማ አወጣ፤ በጋቢው ጫፍ ጠረገው። ዳምጤ ቆሞ ቀረ። ሐሙስ የቀበሌው ፍርድ ቤት እንደሚጠራው፣ ስለዚያ ወረቀት እንደሚጠየቅ፣ ስለ ማንበቡም እንደሚጠየቅ ነገረው። ምን ብሎ እንደሚመልስ ሊነግረው አፉን ሲከፍት አንዳርጌ ቀደመው።

ይህን ቀን ስፈልገው ነበር አለ። ያን የእድር ዕለት የተናገረው ነገር ከደረቱ አልወርድ ብሎት ባለፈው ጾም ለነፍስ አባቱ ተናዘዘ። ነፍስ አባቱ ስግደትም ምጽዋትም አላዘዙትም። የዚያን ሰው ክብር በጉባኤ ፊት ነው የገፈፍከው፣ በጉባኤ ፊት ተናግረህ መልስለት አሉት። ከዚያ ወዲህ ጉባኤ በተሰበሰበ ቁጥር ሊነሳ ብሎ መልሶ ይቀመጣል። አሁን ግን ራሱ ፍርድ ቤቱ ከጠራው፣ ዳምጤ ያነባል፣ ከኔም አስቀድሞ ነው ፊደል የለየው ብሎ ሰው ሁሉ እየሰማ ይናገራል።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዳምጤ ሊሰማው የፈለገው ይህን ነው። ቃል በቃል። በእንቅልፉ ሳይቀር ያልመው የነበረው ይህን ነው።

"አያነብም በልልኝ" አለው።

አንዳርጌ አልገባውም። ዳምጤ ስለ ርክክቡ፣ ስለ ሎደሩ፣ ስለ አሥራ አራቱ እርምጃ ነገረው። አንዳርጌ መጥረቢያውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ሰማ።

"ያኔ በነፃ ያልኩትን ዛሬ ምለህ በለው ነው የምትለኝ?"

"አዎ።"

"ወንጌል ጨብጬ።"

"አዎ።"

አንዳርጌ ወደ ሞፈሩ ተመለሰ። ሁለት ሦስት ጊዜ ጠረበ፤ እንጨቱን ሳይሆን አየሩን ነበር የሚመታው።

"ሂድ" አለው። "ሐሙስ እመጣለሁ።"




14

ረቡዕ።

ምንም አልሆነም። ከምሥራቅ በኩል ደመና ቆመ። የጥገናው ሠራተኞች የነዳጅ በርሜሎቻቸውን መኪና ላይ መጫን ጀመሩ። ዳምጤ ሄዶ እስከ ሰኔ አሥር አላችሁ አይደል ብሎ ጠየቀ። አለን አሉት። ተመለሰ። እንደገና ሄዶ ጠየቀ።


15

የወይራ በር ቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ቃለ ጉባኤ። ሐሙስ፣ ሰኔ 6፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ቦታ፦ የቀበሌው ግቢ፣ ሾላው ሥር፤ አዳራሹ ማዳበሪያ ስላለበት።

ሰብሳቢ፦ አቶ ዳምጤ፣ ማንበብ ይችላሉ?

ዳምጤ፦ አልችልም።

ሰብሳቢ፦ ጸሐፊው አልሰማዎትም። ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ።

ዳምጤ፦ አልችልም አልኩ።

(በቃለ ጉባኤው ያልተጻፈ፦ እድሩ ከሞላ ጎደል ሙሉውን መጥቷል። ከኋላ አንድ ሰው ፍርስ ብሎ ሳቀ፤ ሌላው በክርኑ ጎሸመው። አልጣሽ ከሴቶቹ መሐል ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች።)

ሰብሳቢ፦ ይህ የፈረሙበት ወረቀት ነው። ምን እንደሚል ያውቃሉ?

ዳምጤ፦ አላውቅም።

(ያልተጻፈ፦ ወረቀቱን ሲሰጡት የመጀመሪያው መስመር ዓይኑ ውስጥ ገባ። "ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ" ይላል። አላይም ቢልም ቃሉ ራሱ ተነበበለት። ከንፈሩ ሊንቀሳቀስ ሲል ነከሰው። ቀኝ እጁን ከጭኑ ሥር ከተተና ተቀመጠበት።)

ሰብሳቢ፦ የዚያን ቀን ያነበበልዎት ሰው ነበር?

ዳምጤ፦ አልነበረም።

ሰብሳቢ፦ እማኝ ይቅረብ።

(ያልተጻፈ፦ አንዳርጌ ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሰውን ነጭ ጋቢ ለብሷል። ወንጌሉን ተሳለመ። ሲምል ድምፁ ደህና ነበር። ምሎ ሲጨርስ ግን መጽሐፉን አልመለሰም፣ ደረቱ ላይ እንደያዘው ቆመ። ሰብሳቢውም መልስ አላለውም።)

ሰብሳቢ፦ አመልካቹን ከመቼ ጀምሮ ያውቁታል?

አንዳርጌ፦ ከልጅነታችን።

ሰብሳቢ፦ የት?

አንዳርጌ፦ መሠረተ ትምህርት። አንድ ዳስ ውስጥ፣ አንድ ግንድ ላይ ነበር የምንቀመጠው።

(ያልተጻፈ፦ ጸሐፊው ይህን ጻፈ። ዳምጤ ዓይኑን ጨፈነ።)

ሰብሳቢ፦ እንግዲያው ያውቁታል። በማሉበት ይመልሱ። አቶ ዳምጤ ወልደየስ ማንበብ ይችላል ወይስ አይችልም?

(ያልተጻፈ፦ አንዳርጌ ወደ ጉባኤው ዞረ፤ የሰማንያውንም ፊት አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ወደ ዳምጤ ዞረ። ዳምጤም ዓይኑን ገልጦ አየው፤ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ዓይን ለዓይን ሲያየው ይህ የመጀመሪያው ነው። ምን ብሎ እንደለመነው እኔ አላውቅም፤ እሱም ራሱ የሚያውቅ አይመስለኝም። ጸሐፊው ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ ይጠብቃል።)

አንዳርጌ፦